ሰኞ ሰኞ የሚመጣ መስመር

ወረቀት ፋብሪካው ውስጥ ሰው ሁሉ «ባለምላጩ» ይለው ነበር። ሥራው የጋለው ሮለር ላይ የተጋደመውን ረጅም ምላጭ መንከባከብ ነው። ምላጩ ሮለሩ ላይ የሚጣበቀውን ቆሻሻ እየፋቀ ያነሳል፤ ስለቱ ትንሽ ከተሸረፈ ግን የሚወጣው ወረቀት ላይ ቀጭን መስመር ይቀራል።

መስመሩን የምታየው እሷ ነበረች፤ ወረቀት መርማሪዋ። ታየዋለች፣ ታስጠራዋለች፣ መጥቶ ይቀይረዋል። ፍቅራቸው የጀመረው እንዲሁ ነው፤ በሌላ በምን ሊጀምር? ማሽኑ እንደሆነ ጆሮ አያሰማ።

እያደር አንድ ነገር ታዘበች። መስመሩ የሚመጣው ሁልጊዜ ሰኞ፣ ሁልጊዜም ተቆርጦ የሚጣለው ጠርዝ ላይ ነው።

«አንተ፣ ይሄ ምላጭ ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው እንዴ የሚሸረፈው?»

«እሁድ ስለማላይሽ ነዋ!» አለ፣ ሞረዱን ከኋላው እየደበቀ።

ከዚያ ወዲህ መስመሩን ባየች ቁጥር ትስቃለች። አንድ ዓርብም «ሰኞ ስለ እኛ ጋሼን አነጋግራቸዋለሁ» አላት። ጋሼ የፈረቃው ኃላፊ፣ የእሷም አጎት ናቸው። ያሳደጓትም፣ «እንዳታሳፍሪኝ» ብለው ሥራ ያስገቧትም እሳቸው ናቸው።

ሰኞ መስመሩ መጣ። ከወትሮው ወደ መሐል ገባ ያለ ነበር። «ዛሬስ ደፍሯል» አለች በልቧ። ትንሽ ይጨነቅ ብላ አላስጠራችውም። ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻዋን ፈገግ ስትል ቆየች።

ያን ቀን ግን ምላጩን በሞረድ አልነካውም ነበር። ከሥሩ የገባ የብረት ስብርባሪ ሮለሩን ሲቦረቡረው ቆይቷል። ማሽኑ ቆመ።

«ይሄን መስመር ያላየ ማነው?» አሉ አጎቷ፣ ዓይናቸው እሷ ላይ አርፎ።

ወደ ባለምላጩ ዞረች።

«ጋሼ፣ እሷስ ነግራኛለች» አለ ባለምላጩ። «ቸል ያልኩት እኔ ነኝ።»

በዚያው ቀን ከሥራ ተባረረ። ሮጣ የግቢው በር ላይ ደረሰችበት።

«ለምን ዋሸህ?»

«መስመር አይተሽ መሳቅ ያስለመድኩሽ እኔ አይደለሁ?»

«ነገ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ መጥቼ እወስድሃለሁ፤ እውነቴን ነው።»

እጇን ያዝ አድርጎ አያት። ከዚያ ለቀቃት።

ነገ ሌላ ነገ ወለደ። ፈራች፤ ሌላ ሰበብ የላትም። ሐሙስ ዕለት እያለቀሰች ነገረቻቸው። አጎቷ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ ልጄ» አሉ። ኮታቸውን አንስተውም አብረዋት ወጡ።

ባለምላጩ የተከራያት ክፍል ባዶ ነበረች። አከራይዋ በሩን ይዘው «እስከ ትናንት ሰው ይመጣልኛል እያለ ሲጠብቅ ነበር» አሏቸው። «የት እንደሄደ አልነገረኝም።»

አዲሱ ሠራተኛ ጎበዝ ነው፤ ምላጩ ተሸርፎበት አያውቅም። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ያንን የሚጣለውን ጠርዝ በጣቷ እየዳበሰች ከላይ እስከ ታች ታየዋለች። ምንም የለበትም። መዝገቡ ላይ «ንጹሕ» ብላ ትፈርማለች።