የሳጥኑ ካሜራና የሙሉቀን ዱካ

እኔ ጠንቋይ ደጅ ረግጬ አላውቅም፣ የዛር ከበሮ ከሚመታበት ቤት በኩል መንገድ ቢኖረኝ እንኳ ዞሬ ነው የማልፈው፣ የሞተ ሰው አየሁ፣ የራቀ ሰው ድምፅ ሰማሁ የሚል ሲያወራ ደግሞ አንገቴን ደፍቼ ሰምቼ በሆዴ እተወዋለሁ። የማምነው በእግዚአብሔር ነው፣ በቅዱሳኑ ነው፣ ሌላው ወሬ ነው እል ነበር። አሁንም ብዙ አልተለወጥኩም። ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ፣ በእነዚህ እጆቼ ከውሃ ያወጣሁትን ነገር ምን ብዬ ልተወው? እናንተው ስሙና ፍረዱ።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው፣ ልጆቻችን በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን የሚጫኑበት። ባለቤቴ ወረታ መንገድ ዳር በሳጥን ካሜራ ፎቶ ያነሳ ነበር፣ ያ በሦስት እግር የሚቆመው የእንጨት ሳጥን። እሱ ሲያርፍ ሥራው ለእኔና ለልጄ ለአስማረ ቀረ። ለማያውቀው ልንገረውና ይህ ካሜራ ፊልም የለውም፣ ወረቀቱም ማጠቢያው መድኃኒትም ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ እጄን በጥቁር ጨርቅ እጅጌ አስገብቼ በዳበሳ ነው የማጥበው። መጀመሪያ የሚወጣው ግልባጩ ነው፣ ፊቱ ጥቁር፣ ጥቁሩ ጸጉር ነጭ ሆኖ። ያንን ግልባጭ ከካሜራው ፊት ሰሌዳ ላይ ለጥፌ እንደገና ፎቶ አነሳዋለሁ፣ ያኔ ሰውየው ራሱን መስሎ ይወጣል።

ከፊቱ ያለውን መስታወት የሚከፍትና የሚዘጋም መሣሪያ የለውም፣ ክዳኑን በእጅ አንስቶ በእጅ መመለስ ነው። ምን ያህል ይቆይ ካላችሁኝ፣ ባለቤቴ ያስተማረን በጸሎት ነበር። ክዳኑን አንስተን «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» እንላለን፣ «አሜን» ስንል እንከድናለን። አስማረ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አሜኗን ከእኔ ቀድሞ ነበር የሚላት። «አታስቸኩለኝ፣ ፎቶው ይጠቁራል» እለዋለሁ፣ ይስቃል። የመጀመሪያው ክዳን ሲጠፋ ከጫማ ቀለም ቆርቆሮ ሌላ የሠራልኝም እሱ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን እሱንም ጫኑት። በዚያው መኪና ላይ የቁሐር ሚካኤሏ የየሻረግ ልጅ ሙሉቀንም ነበር፣ ሁለቱንም ጸጉራቸውን ላጭተዋቸው ከርቀት መለየት አቅቶን ስንጣራ እኔና የሻረግ ተዋወቅን። ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን ትመጣለች፣ «ወሬ አለ?» ትለኛለች፣ «የለም» እላታለሁ፣ እኔም እጠይቃታለሁ፣ «የለም» ትለኛለች። ደብዳቤ የሚባል ለሁለታችንም አልመጣም።

በዚያ ሰሞን ነው ሐጂ ሰይድ ከሱቃቸው ደጃፍ የጠሩኝ። በአንገት የሚንጠለጠል አዲስ ካሜራ አምጥተዋል፣ ፎቶውን በቀለም የሚያወጣ። ሳጥኑን ባሕር ዳር የሚፈልገው ሰው አለና እሱን ሰጥቻቸው ይህን እንድወስድ ፈለጉ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ይህ ሳጥንሽ እኮ ከእኔ ቀድሞ ወረታ የገባ ነው፣ ጡረታ አውጪው እንጂ» አሉኝ እየሳቁ።

«ይሠራል እኮ ሐጂ።»

«መቼ አይሠራም አልኩሽ? አንቺ ግን እሱን ተሸክመሽ እስከ መቼ ልትሠሪ ነው?»

ልጄ ትርንጎም በሐሳብ ከእሳቸው ጋር ነበረች። «እማዬ፣ ወጣቱ ሁሉ በቀለም ወደሚያነሳው ቤት እየሄደ ነው፣ ለእኛ የቀረው የመታወቂያና የሽማግሌ ፎቶ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እንጀራችን ከዚያ ካሜራ ነበር፣ እየቀነሰም ነበር። ግን አዲሱ ፊልሙ አዲስ አበባ ተልኮ እስኪታጠብ ሰው ይጠብቃል፣ ሳጥኑ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አላሳፈረኝም። ከዚህም ሌላ፣ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ፣ አስማረ ሲመለስ «ካሜራችንስ?» ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ እል ነበር። ወዲህና ወዲያ ስል ሰነበትኩ። በመጨረሻ ሐጂን «ኅዳር ሚካኤል ይለፍና ቁርጡን እነግርዎታለሁ» አልኳቸው፣ ምክንያቱም ለበዓሉ ቤተሰቧን ፎቶ እንዳነሳላት የሻረግ ጠርታኝ ነበር። የመጨረሻ ሥራው ይሁን ብዬ፣ ሳጥኑን በአህያ ጭነን ከትርንጎ ጋር ወደ ቁሐር ሚካኤል ወረድን።

ውሃው ከሜዳው ሸሽቶ ጓያው ብቅ ብሎ ነበር፣ መንገዱ ግን አሁንም ጭቃ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ በልተን ጠጥተን፣ ፀሐይዋ ገና ሳትበርድ ሳጥኑን ከግቢው መሀል አቆምኩት። የሻረግ ባሏን አያ በላይነህን በአንድ በኩል አስቀመጠች፣ እሷ በሌላው በኩል ተቀመጠች፣ በመሀላቸው የሙሉቀንን ዱካ፣ ያን በጠፍር የተሠራ መቀመጫውን፣ አኖረች። በእነሱ ቤት ርቆ በሄደ ሰው ዱካ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም፣ ጠፍሩ እንዳይደርቅ እሷ ቅቤ እየቀባች ነው ያቆየችው።

«ባዶ ዱካ ፎቶ ላይ ምን ይሠራል?» አሉ አያ በላይነህ። «ሟርት ነው፣ አንሺው።»

«ሟርቱስ ማንሳቱ ነው» አለች የሻረግ። «ልጁ እስኪመጣ ቦታው ይቆየዋል። ዘነቡ፣ አንቺ ንገሪው እስቲ።»

«ይሁን አያ በላይነህ፣ እናቱን ደስ ካላት ምን አለበት?» አልኩ። እኔ ምን አውቃለሁ።

ክዳኑን ላነሳ እጄን ስሰድ ዱካው ሲጥ አለ። ሰው ሲቀመጥበት ጠፍሩ እንደሚለው። እንጨት ነው፣ ፀሐይ መታው አልኩ። ወዲያው ከጎታው ጥላ ተኝታ የነበረችው ውሻቸው ብድግ ብላ ጮኸች፣ እንግዳ ደጅ ሲቆም እንደምትጮኸው ያለ ጩኸት፣ የምትጮኸው ደግሞ ወደ በሩ አይደለም፣ ወደ እነሱ ነው። «ዝም በይ፣ አንቺ ደግሞ!» አለቻት የሻረግ፣ ውሻዋም እያጉረመረመች ወደ ኋላ ሸሸች። ክዳኑን አነሳሁ፣ በስመ አብ አልኩ፣ አሐዱ አምላክ ብዬ ትንፋሼን ሳልሰበስብ፣ ከፊቴ፣ በወንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «አሜን»።

ከደንኩ። «አያ በላይነህ፣ እርስዎ ነዎት አሜን ያሉት?»

«አትናገሩ አላልሽንም? ከንፈሬንስ መቼ አንቀሳቀስኩ» አሉኝ ቅር ብሏቸው።

ትርንጎን ዞሬ አየኋት፣ ከአህያዋ ጋር ራቅ ብላ ቆማለች። ጆሮዬ ነው አልኩና እጄን ወደ ሳጥኑ አስገባሁ።

ግልባጩ ደህና ወጣ፣ እመኑኝ፣ ብርሃን ላይ ይዤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አያ በላይነህ አሉ፣ የሻረግ አለች፣ መሀላቸው ባዶ ዱካ። የሻረግም አይታ «ይኸው ዱካውም ወጥቷል» ብላ ደስ አላት። ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት፣ ትክክለኛውን አነሳሁ፣ አጠብኩ፣ ወደ ውሃው ሳህን ጣልኩት። ሁላችንም ጎንበስ ብለን እናያለን። መጀመሪያ ጎጆው ታየ፣ ቀጥሎ የሻረግ ነጠላ፣ ቀጥሎ ሰዎቹ።

ዱካው ላይ ሰው ተቀምጧል።

ፊቱ ፎቶ ሲነሳ የተንቀሳቀሰ ሰው ፊት ነው፣ ደብዘዝ ያለ። ራሱ የተላጨ። ጉልበቶቹ የተገጠሙ።

የሻረግ እልልታዋን አቀለጠችው። «ሙሉቀኔ! መጣልኝ፣ ሚካኤል አመጣልኝ! አያ፣ እይ እንጂ፣ እይው!» አያ በላይነህ አዩ፣ አማተቡ፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። የሰውየው ፊት እንዴት እንደነበረ መቼም አልረሳውም። እሷ የመጣ ልጅ ነው ያየችው፣ እሳቸው ያዩት ሌላ ነበር።

እኔ ደግሞ እጁን አየሁ። የግራ እጁ የግራ ጆሮውን ጫፍ ይዟል። አስማረ ካሜራ ፊት ባስቀመጥኩት ቁጥር እንደዚያ ነበር የሚይዘው፣ «እጅህን አውርድ» እያልኩ ስንት ወረቀት አበላሽቶብኛል።

አልተናገርኩም። የኔ ነው ብል ምን ማለቴ ነው? በሕይወት ያለ ሰው እንዲህ ይመጣል? የየሻረግ ይሁን ብልስ ምን መመኘቴ ነው? እመቤቴን ጠራሁ።

«አንድ ደግሞ አውጪልኝ፣ ለእህቱ» አለችኝ የሻረግ። ከዚያው ግልባጭ ሌላ አወጣሁ። ዱካው ባዶ ነበር። እንደገናም ሞከርኩ፣ ባዶ። ስለዚህ ያችኑ አንዷን ሰጠኋት፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አደረገቻት። ወረታ ተመልሰን ሳጥኑን ከአህያዋ ስናወርደው ትርንጎ ሁለት እጇን ሰጥታ፣ እንደ ሕፃን አድርጋ ነው የተቀበለችኝ።

በማግስቱ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። «አልቀይርም» አልኳቸው።

«ምነው?»

«ይሠራል።»

«እሱንማ መጀመሪያም ብለሽኛል» አሉ፣ ፊቴን አዩና ሳቃቸውን ተዉት። «አሁን ግን አፈር መስለሽ ነው የምትይው። ነይ ቁጭ በይ።» ውሃ አስቀዱልኝ፣ ምንም አልጠየቁኝም፣ አላህ ልጅሽን ይመልስልሽ ብቻ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ካሜራው አንስተውብኝ አያውቁም። እግዜር ይስጣቸው፣ ደግ ሰው ናቸው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሙሉቀን መጣ። በእግሩ ቆስሎ፣ በምርኩዝ፣ ግን በሕይወት። ስሰማ ተንበርክኬ አመሰገንኩ፣ ከልቤ ነው፣ ያን ዕለት ምቀኝነት አልነበረብኝም። እንኳን ደስ ያለሽ ልላት ወረድኩ። ልጁ በገዛ ዱካው ላይ ተቀምጧል፣ ውሻዋ እግሩ ሥር ተኝታለች፣ ፎቶዋም በመስታወት ገብታ ከምሰሶው ላይ ተሰቅላለች። አስማረን ጠየቅኩት። «ከተለያየን ቆየን እማማ፣ ሌላ ክፍል መደቡት። ስንለያይ ግን ደህና ነበር» አለኝ። ከዚያ፣ ነገር ለመቀየር ብሎ መሰለኝ፣ ቀና ብሎ ፎቶዋን አየና ሳቅ አለ።

«ለእኔስ መች ነገሩኝ፣ አስማረ እዚህ መጥቶ ነበር እንዴ? ይኸው ጆሮውን ይዞ!»

 አያ በላይነህ ወደ ደጅ ወጡ። የሻረግ ተነስታ ፎቶዋን ከምስማሩ አወረደች፣ መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ፣ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ስንለያይ ደህና ነበር ብሎኛል፣ ያችን ቃልና ፎቶዋን ይዤ ነው የወጣሁት።

ፎቶዋ አሁን እኔ ቤት ናት። ሰው ሳነሳ ከሳጥኑ ፊት ባዶ መቀመጫ እንዳይኖር አያለሁ፣ ካለ አስነሳዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በእመቤታችን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የአስማረን ዱካ አውጥቼ ከግቢያችን አኖርኩት። ክዳኑን አነሳሁ፣ በስመ አብ አልኩ፣ አሐዱ አምላክ ላይ ስደርስ አሜኑን ሳልል እጄ ብቻ ክዳኑን መለሰው። የሰማሁትም የለም። ትርንጎ ግን ከውስጥ ብቅ ብላ ግቢውን አየችና «እማዬ፣ ማን ነው አሜን ያለሽ?» አለችኝ።

ወረቀቱን አላጠብኩትም። በጥቁር ጨርቅ ጠቅልዬ ከልብስ ሣጥኔ ሥር አስቀምጬዋለሁ። አዲሱ ካሜራ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ አዲስ አበባ ሄዶ፣ የማላውቀው ሰው አጥቦ አይቶት ነበር። እኔ ግን መድኃኒቱም ውሃውም እጄ ላይ ነው፣ አንዳንድ ቀን እጄን በእጅጌው አስገብቼ ሳህኖቹን ዳብሼ፣ ወረቀቱን ሳላመጣው እጄን መልሼ አወጣለሁ።