ስሟን የደበቀች ልጅ

ከአገሩ ሸሽቶ የወጣ ሰው ጥርጣሬን እንደ ስንቅ ይዞ ይዞራል። አብዱልፈታም ናይሮቢ ገብቶ፣ ኢስሊ ሰፈር ጨርቅ እየነገደ ኑሮው ቢቃናም፣ የደርግ ጆሮ እዚህም ይደርሳል ብሎ ይፈራ ነበር። ስለዚህ ልጁን ሳፊያን አፏን ከፈታች ጀምሮ፣ ማንም ቢጠይቅሽ ስምሽን፣ የአባትሽን ስም፣ ቤትሽን እንዳትናገሪ እያለ አሳደጋት። ልጅቱም ቃሉን ጠብቃ ስምንት ዓመት ሞላት።

በከተማው የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ማኅበር በኪራይ አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ያስተምር ነበር። አስተማሪዋ ወይዘሮ አጸደ ከሂሳብና ከእንግሊዝኛ ሌላ “የኑሮ ትምህርት” ጨመሩ፤ መንገድ የጠፋበት ልጅ ማንን ይጠይቃል፣ የማያውቀውን ሰው እንዴት እምቢ ይላል፣ የቤት ምስጢር ለማን ይነገራል የሚል ነው። ልጅ ሲንተባተብ የማይቸኩሉ፣ የሰሙትን የማያወሩ ሴት ነበሩ። ግን መጽሐፍም፣ የሚያማክሩት ሰውም አልነበራቸውም።

አብዱልፈታ ይህን ሲሰማ በወላጆች ስብሰባ ተነሣ።

“ወይዘሮ አጸደ፣ የቤታችን ምስጢር ለምን እንዳስፈለገዎ እንጃ። እኔ ልጄን የላክኋት ለሂሳብ ነው። ኑሮን እኔው አስተምራታለሁ።”

አንዱ ወላጅ፣ ቀጥሎ ደግሞ አተነፋፈስ ያስተምሩልናል ብሎ አሳቀ። ለአስተማሪዋ ወግኖ የተናገረ አልነበረም። ሳፊያም ከዚያ ትምህርት ወጣች።

ወር ሳይሞላ ሳፊያ ገበያ መካከል ከእናቷ ተለያየች። አትክልት ሻጮች በስዋሂሊ ቢጠይቋት ዝም አለች፤ ቸግሯቸው ለፖሊስ ጣቢያ አስረከቧት። አባቷ ሲፈልግ ውሎ አመሻሽ ላይ ደረሰባት። ፖሊሱ ስሙን ሲጠይቀው ግን ልማድ ሆነበትና የሐሰት ስም ሰጠ። ፖሊሱ ወደ ልጅቱ ዞሮ፣ አባትሽ ነው ወይ፣ ስሙስ ማነው አላት። ከመለሰች አባቷን አሳልፋ የምትሰጥ መሰላት። እንባዋ እየወረደ መሬት መሬት አየች። ፖሊሱም ማስረጃ ካልመጣ ልጅቱን አልሰጥም አለ።

የሳፊያ ስም ከነአባቷ ስም በወረቀት የሰፈረው በትምህርት ቤቱ መዝገብ ብቻ ነበር። አብዱልፈታ አፍሮም ቢሆን ወይዘሮ አጸደ ዘንድ ሮጦ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። እሳቸው አንድም የወቀሳ ቃል ሳይወጣቸው መዝገቡን ይዘው ተከተሉት። ጣቢያው እንደ ደረሱ ከልጅቱ ፊት ቁጢጥ አሉ።

“ሳፊያ፣ አደራሽን ጠብቀሻል፣ ጎበዝ። ምስጢሩ ግን የአባትሽ ነው። መጀመሪያ እሱ ይናገር።”

አብዱልፈታ ድንበር ከተሻገረ ወዲህ በፖሊስ ፊት እውነተኛ ስሙን ተናግሮ አያውቅም። አሁን ግን ወደ ፖሊሱ ዞረ።

“አብዱልፈታ ኑሬ እባላለሁ። ቤቴ ኢስሊ ነው። ይህች ልጄ ሳፊያ ናት።”

“አባቴ ነው” አለች ልጅቱ፤ ሮጣም ተጠመጠመችበት። ፖሊሱ ከመዝገቡ አመሳክሮ ለቀቃቸው።

ከጣቢያው ሲወጡ አብዱልፈታ ቆመ። “አስተማሪ፣ የልጄን አፍ የዘጋሁት እኔ ነኝ። አላህ ይስጥልኝ።”

“ሊጠብቋት ብለው ነው” አሉት። “እኔም ፍርሃታችሁን ካልነገራችሁኝ፣ እናንተ ያሰራችሁትን ሳላውቅ እየፈታሁ ልጆቹን ግራ አጋባለሁ። ብቻዬን አልችለውም።”

በሚቀጥለው ስብሰባ አብዱልፈታ ሙሉ ስሙን ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ፤ አመሰገናቸውም። ለአስተማሪዋ ምስጢር የሚነገርበት በር ያለው ክፍልና የሚያግዝ ሁለተኛ አስተማሪ እንዲፈለግ፣ ወላጆችም በተራ እየመጡ ከእሳቸው ጋር እንዲመካከሩ አሳሰበ። ያሳቀው ሰውዬ ራሱ የመጀመሪያውን ተራ ወሰደ።

ወላጆች ሆይ፣ ኑሮን የሚያስተምር ሰው ትዕግሥትንና ምስጢር ጠባቂነትን ከራሱ ያመጣል። እምነትን ግን እኛ ካልሰጠነው ከየትም አያገኘውም።