የሚያዝግ እጅ

ሣጥኑ በቀይ ሲባጎ ታስሮ መጣ።

ሌላ ጊዜ የባቡሩ ተቆጣጣሪ ሙሴ ኦብሪ ከፉርጎው በር ላይ ሆነው «ያዢ!» ብለው ለኦዲል ይወረውሩላት ነበር። ዛሬ ግን ወርደው በሁለት እጃቸው ሰጧት። ነጭ ሲባጎ አዲስ ሥራ ነው። ቀይ ሲባጎ የተመለሰ ሥራ። በተራራዋ መንደር በኮምብኑዋር ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። ጣቢያው ላይ በረዶ የሚጠርጉት ሰዎች አካፋቸውን አቁመው ኦዲልን አዩዋት።

«ፋብሪካ ያሉት ዝገት ነው አሉ» አሉ ሙሴ ኦብሪ። «ሰዓቶቹ ከተገጠሙ በኋላ ነው የወጣው። የአንድ ሰው እጅ ነው ብለዋል። ለእናትሽና ለእትዬ ዜሊ ንገሪያቸው፤ አንዳቸው ካልተዉ ሣጥኑ ሁለተኛ ወደዚህ አይወጣም።»

«የማንኛቸው እጅ?»

«እኔ ትኬት ነው የምበሳው፣ ልጄ።»

ድሮ ባቡሩ ከታች ከሰዓት ፋብሪካው ለየቤቱ ሣጥን ያወጣ ነበር። ለሥራው ብርሃን ተብለው የተከፈቱት ሰፋፊ መስኮቶች ዛሬም አሉ። ከኋላቸው ሰው የለም። ባቡሩ ሥራ ማውጣቱን ሲቀንስ ሰው ማውረዱን ጨመረ። አሁን የቀረው አንድ ሣጥን ነው። የኦዲል እናት ብላንሽ ፀጉር የሚያህለውን ሞላ ከሰዓቱ ትንሽ መዘውር ጋር ታገጣጥማለች። ጎረቤታቸው እትዬ ዜሊ መርምረው ያሽጋሉ። ሁለት ቤት የሚበላው ከዚያ ነው።

ኦዲል ግን ሌላው ሰው የማያውቀውን ታውቃለች። ከመከር ወዲህ የእናቷ ዓይን ሞላውን አያይም። በማጉያ መነጽርም አያይም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት፣ መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ኦዲል ናት። ሞላው ከወረንጦው ሲያመልጣት በጣቷ ትይዘዋለች። እናቷም ዕድሜዋን ሙሉ እንዲያ ስታደርግ አይታለች። የእናቷ እጅ ደረቅ ነው። የራሷን ፈትሻው አታውቅም።

እትዬ ዜሊ ወሬውን ሰምተው ራሳቸው መጡ። ሻርፓቸውን ሳይፈቱ ወንበር ሳቡና መዳፋቸውን ወደ ብርሃኑ ዘረጉ።

«የኔ ነው» አሉ። «ዕድሜ ሲገፋ ላብ ይለወጣል፤ ብረት ያዝጋል። አክስቴም እንዲሁ ሆና ነው የተወችው።»

ብላንሽ አንገቷን ደፋች።

«አንቺ ምን ታፍሪያለሽ? ሣጥኑ ላንቺ ይሁን። ልጄ ታች ኑ ኑ ካለች ቆየች። ነገ ጠዋት ከአርሌት ጋር እወርዳለሁ።»

«አርሌትስ ትምህርቷ?» አለች ኦዲል። አርሌት የእትዬ ዜሊ የልጅ ልጅ ናት፤ ከኦዲል ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት።

«ሆቴል ሳህን ታጥባለች። ልጄ ሁለት አፍ አትችልም።»

አሮጊቷ ሲወጡ ኦዲል በሩን ዘጋች። «እማዬ፣ የሳቸው እጅ አይደለም።»

«የኔ ነው ልትዪኝ ነው?»

«የኔ ይሆናል።»

እናቷ ድንች መላጧን አላቆመችም። በዳሰሳ ነው የምትልጠው። «ዝም በይ» አለች። «እሳቸው የሚሄዱበት አላቸው። ዓይን የሌላትን ሴት ማን ይቀጥራል? እኔ ያለሽኝ አንቺ ነሽ።»

እውነቷን ነበር።

ማታ የእናቷን የብረት ማስመሪያ በአልኮል ወለወለች። አውራ ጣቷን ጫን አድርጋ አሳረፈችበትና መስኮቱ ላይ ተወችው። ጠዋት የጣቷ አሻራ ከነመስመሮቹ ቡናማ ሆኖ ወጥቷል።

ወደ ጣቢያው ሮጠች። እትዬ ዜሊ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ወደ ፋብሪካው የሚመለሰው ሣጥን ከጎናቸው ነው። አርሌት ድመቷን በቅርጫት ይዛለች።

«ሳህን አጣቢ ልሆን ነው» አለች አርሌት። «የሂሳብ ፈተናው ቀረልኝ። እንኳን ደስ ያለሽ አትዪኝም?» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ተቋረጠ።

ኦዲል ማስመሪያውን ለእትዬ ዜሊ ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ወደ ብርሃኑ አዙረው ተመለከቱት። ሲመረምሩ እንደኖሩት፣ ሳይቸኩሉ።

«እናትሽ ማየት ካቆመች ቆየች?»

«ከመከር ጀምሮ።»

እትዬ ዜሊ ከኪሳቸው ዘይት የነካው ጨርቅ አወጡ። አሻራውን እስኪጠፋ ፈተጉትና ማስመሪያውን መለሱላት። «ቤትሽ ሂጂ። እናትሽ ብቻዋን ናት።»

«ምንድን ነው እሱ?» አለች አርሌት።

ኦዲል ማስመሪያውን ከጀርባዋ ደበቀች። አርሌት አንዴ አያቷን፣ አንዴ ኦዲልን አየች። ከዚያ ፊቷን ወደ ሐዲዱ አዞረች።

ባቡሩ ገባ። እትዬ ዜሊ የሣጥኑን ክዳን ዘግተው፣ ሲባጎውን ሳያስሩ፣ ለሙሴ ኦብሪ አቀበሏቸው። ማሰሩን ለሳቸው ተዉላቸው። ከዚያ አርሌትን ይዘው ተሳፈሩ።

ኦዲል ፉርጎው አጠገብ ቆመች። ጓንቷን አወለቀች። የማስመሪያውን ዘይት በመሐረቧ ጠረገችና አውራ ጣቷን አሳረፈችበት። ቆየችበት። ፊሽካው ተነፋ።

«ሙሴ ኦብሪ፣ ይሄንን ሣጥኑ ውስጥ ይክተቱልኝ። ነገ እዩት ብለው ለፋብሪካው ይንገሩልኝ። የኦዲል ጣት ነው፤ የብላንሽ ልጅ።»

ማስመሪያውን አገላብጠው አዩት። «ምንም የለበትም እኮ።»

«ነገ ይወጣል።»

«ከነገ ወዲያ ሣጥን ላይኖር ይችላል፣ ልጄ። ላንቺም፣ ለእትዬ ዜሊም። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

ማስመሪያውን ከተቱት። ሲባጎውን አሰሩ፤ የነበራቸው ቀዩ ብቻ ነው። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ አርሌት መስኮቱ ጋ አልመጣችም።

ኦዲል ጓንቷን ሳታጠልቅ ወደ ቤት ወጣች። እናቷ ሰፊው መስኮት ሥር፣ ባዶው ጠረጴዛ ጋ ተቀምጣ ወደ መንገዱ ትመለከታለች። ኦዲል እጇን አነሳችላት።

እናቷ አላየችም።