ዳቦ ቆሎ በስንብት ቤት

በአዲሲቱ ሰመራ የሩቅ በረራ አካዳሚ ያልተቀበለው ልጅ ሁሉ ስንብት ቤት ሄዶ ምስለ-ራሱን ያጠፋል። ምስለ-ራስ ማለት የአመልካቹ ሐሳብና ትዝታ ሳይጎድል ተቀድቶ በማሽን ውስጥ የሚኖር ቅጂው ነው። አካዳሚው የሚፈትነው ልጁን ሳይሆን ይህን ቅጂ ነው፤ በምን እንደሚፈትነው ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

አዜብ አለማለፏ የተሰማ ዕለት ቤታቸው የለቅሶ ቤት መሰለ። ጎረቤቱ «እግዜር ያጥናችሁ» እያለ ገብቶ ተቀመጠ። አብሯት ያመለከተው የታችኛው ቤት ልጅም ወድቆ፣ «ድሮም አልፈለግኩትም» እያለ ሲስቅ ሰነበተ። አዜብ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችምም። እሷን የያዛት ንዴት ነበር። ያዋረደችኝ ያቺ ማሽን ውስጥ ያለችው ናት፤ እሷን ሳጠፋ ይወጣልኛል ብላ የስንብቱን ቀን ስትጠብቅ ከረመች።

ቀኑ ሲደርስ እናቷ ወይዘሮ የሻረግ ዳቦ ቆሎ በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ሰጧት።

«እማዬ፣ ምስል እኮ አይበላም!»

«ባይበላስ? ሰው ልሰናበት ብሎ ባዶ እጁን ይሄዳል? አንቺን የመሰለች ልጅ ለኔም ልጄ ናት።»

አዜብ ቋጠሮውን መንጭቃ ወጣች።

የስንብት ቤቱ ጠባቂ አቶ ዘርጋው ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገቧት። ያለው አንድ ወንበር፣ የመስተዋት ግድግዳና ማጥፊያው ቁልፍ ብቻ ነው። «ተኝታ ታገኛታለሽ፤ ሁሉም ተኝተው ነው የሚጠብቁት። ተጫኚውና ውጪ፣ ልጄ» ብለው በሩን ዘጉ።

ምስሏ ግን አልተኛችም። ማሽኑን ምን እንደነካው እንጃ፣ ከመስተዋቱ ማዶ ተቀምጣ በንዴት ታያታለች። አንድ እጇ ቁልፍ ላይ ነው። ጭኗ ላይ ነጭ ቋጠሮ አስቀምጣለች።

አዜብም እጇን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። «ማነሽ?»

«አዜብ ነኛ! አንቺስ ለምን አልተኛሽም? ምስል ይተኛል ብለውኝ ነበር።»

«ምስሏ አንቺ ነሽ።»

«በይ ተይኝ! አንቺ ወድቀሽ አልተቀበሉኝም። ቤታችን ለቅሶ ቤት ሆኖ ከረመ። እናቴ ደግሞ ይባስ ብላ ይሄን ቋጥራ ላከችልሽ።»

አዜብ ቋጠሮውን አየችው። እናቷ ጫፉን ሁለት ጊዜ አዙረው ነው የሚያስሩት፤ የማዶዋም እንደዚያው ነው። ምስሏም በማሽኑ ውስጥ ያንኑ ቤት፣ ያንኑ ለቅሶ ኖራለች። ያን ጊዜ ገባት። የአካዳሚው ፈተና ሌላ ምንም አይደለም። ምስሉን «አልተቀበልንህም» ይሉትና ምን እንደሚያደርግ ቁጭ ብለው ያያሉ።

እሷንም አልተቀበልንሽም ብለዋታል።

ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ከዚያ በላይ ሌላ አዜብ ተቀምጣ፣ ያልተቀበሉኝ በሷ ነው እያለች፣ ጣቷን ቁልፍ ላይ አሳርፋ ቢሆንስ?

«አትጫኚ» አለች። ለማዶዋ ይሁን ለላይኛዋ ራሷም አላወቀችም።

«ለምን?» የማዶዋ ድምፅ ተሰበረ። «አንቺ ባትወድቂ ኖሮ እኮ...»

«እኔም እንደዚሁ እያልኩ ነው የመጣሁት። ግን ምን አደረግሽኝ? የቻልሽውን ሞክረሽ አልተቀበሉሽም። ሌላ ምን በደል አለብሽ?»

ከወደቀች ወዲህ ለራሷ ደግ ነገር ተናግራ አታውቅም ነበር። እጇን ከቁልፉ ላይ አነሳች። ማዶዋ አፍጥጣ አየቻትና፣ ቀስ ብላ እሷም አነሳች።

አዜብ ወንበሩን ወደ መስተዋቱ አስጠግታ ቋጠሮዋን ፈታች። ማዶዋም ፈታች። ፊት ለፊት ተቀምጠው እያለቀሱ ዳቦ ቆሏቸውን ቆረጠሙ። ያ ዜና ከመጣ ወዲህ እህል ሲጣፍጣት የመጀመሪያዋ ነበር።

ትንሽ ቆይታ ማኘኳን አቆመች። ማዶዋም አቆመች። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ከጣሪያው በላይ ግን፣ አንድ ሰው አሁንም ዳቦ ቆሎ ይቆረጥማል።