ያልተጠየቀችው አብርሆት

«ጋሽ ተድላ፣ ይቆዩ! ማን ይቁረጡት አለዎት?»

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ዶማቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። በዱር ፖሙ ዛፍ ዙሪያ ያለውን አፈር ቆፍረው አንድ ወፍራም ሥር በጥሰዋል። የአትክልት ክበቡን የሚመሩት መምህር እንዳለ እንዳዘዙ፣ እሷም ተስማምታለች እንደተባሉ ግራ ገብቷቸው ለአብርሆት ነገሯት።

አብርሆት አልተስማማችም። የጠየቃትም የለም።

የአትክልት ክበቡ ችግኙን ሲተክል ጣፋጭ ፖም ይሆናል ተብሎ ነበር። በበጋ ግን በዱር ፖም ግንድ ላይ የተዳቀለው ጣፋጩ ቅርንጫፍ ደረቀና ከግንዱ ሥር የዱሩ ፖም አቆጠቆጠ። ሁሉም ሲተዉት አብርሆት ብቻ እያጠጣች አሳደገችው። አምና ያፈራው ፖም ከቡና ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ አፍ ያጨማድዳል። ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት። ዘንድሮ ደግሞ ነጭ አበባ ለብሶ ንብ ሲርመሰመስበት፣ መምህር እንዳለ በቦታው አቮካዶ ሊተክሉ ተነሱ።

ጋሽ ተድላን ትንሽ እንዲታገሡ ለምናቸው ወደ ሊና ሄደች። ሊና የክበቡ ሊቀመንበርም የልብ ጓደኛዋም ነች።

«ቲቸር ጠየቁኝ፤ እሺ ብላለች አልኳቸው» አለች ሊና ቀና ሳትል። «ደግሞ የማይበላ ነገር ነው እኮ፣ አብሪ።»

«እኔን ብትጠይቂኝስ?»

«እምቢ ትያለሻ።»

አብርሆት ለመሄድ ዞረች። ሊና እጇን ይዛ ለመምህሩ እንዳትናገር ለመነቻት፤ ካወቁ ከሊቀመንበርነቷ ያነሷታል። አብርሆት ወባ ታማ የተኛች ጊዜ በየቀኑ ቤቷ እየመጣች ያስጠናቻት ይቺው ሊና ነበረች። ያ ደግሞ የባሰ አናደዳት።

እጇን አስለቅቃ ወደ መምህራን ክፍል ገባች። እንዳልተጠየቀች፣ ዛፉም እንዲቆረጥ እንደማትፈልግ ተናገረች።

የመምህር እንዳለ ፊት አልተፈታም። «ታዲያ ሊና ለምን ተስማምታለች አለችኝ?»

አብርሆት ወለሉን አየች። «እሷን ይጠይቋት፣ ቲቸር።»

ክረምቱ እስኪወጣ ይቆይ፣ ካልጠቀመ ግን ይነሳል አሉ። ከዚህ በላይ አልተሰጣትም።

ስትወጣ ሊና በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። «ነገርሻቸው?»

«የራሴን ነግሬያለሁ። ያንቺን አንቺ ንገሪያቸው።»

ሊና ተከትላት አልመጣችም፤ ወደ ውስጥም አልገባችም። አብርሆት ዞራ አላየችም። ዛፉ ሥር ተንበርክካ የተቆፈረውን አፈር በእጇ መመለስ ጀመረች።