ሰርቪስ ውስጥ ነኝ

የምነግራችሁ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከራሴ አንዲት ቃል ጨምሬበት ከሆነ ይህ አውቶቡስ ከዚህ ጭቃ አይውጣ ብዬ ምያለሁ። የማልኩትም አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ሠላሳ አንድ ሰው እየሰማኝ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ነበር። የኮሌጃችን ሰርቪስ ከጎሬ ወደ መቱ ሲወርድ ዝናብ የናደው አፈር መንገዱን ዘግቶ ጠበቀን። ሹፌራችን አብደታ ወደ ኋላ ልመለስ ሲል የኋላ ጎማው ቦይ ውስጥ ገባና አውቶቡሱ በበሩ በኩል ከአፈሩ ግድግዳ ጋር ተጣበቀ። በሩ አይከፈትም። በመስኮቶቹ የሕፃን ልጅ ጭንቅላት እንኳ አይሾልክም። በግራ በኩል ጉም የሞላበት ገደል ነው። ትራክተር እስኪመጣ እንደ ታሸገ ሰርዲን ተደርድሮ መጠበቅ ብቻ ነበር የቀረን። በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰው የሚያስፈልገው ወሬ አዋቂ ነው፤ በኢሉባቦር ምድር ደግሞ ከእኔ ከስፖርት መምህሩ ከመክብብ የሚሻል ካለ ይምጣና ይታይ።

የዲበኩሉን አሟሟት ልንገራችሁ ስል የሬጅስትራሯ በየነች ከኋላ ወንበር ሳቀች።

«ባለፈው ጊዜ መርማሪዋ በፈረስ ነበር የመጣችው» አለች። «ዛሬስ በምንድን ነው?»

«በባጃጅ።»

«ይሻላል። ለዝናቡም ይሻላል።»

አብደታ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ፊት ለፊቱን ያያል። እሱ ራሱ የታሪኩ ሰው ስለሆነ ዝም ማለቱ አልገረመኝም። ጀመርኩ።

ዲበኩሉ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር፤ የልብ ጓደኛዬ። ጎሬ ላይ ጎረቤታሞች ስለነበርን ጠዋት ጠዋት አብረን ወደ አውቶቡሱ እንሄዳለን። ሰውየው አንድ ዕብደት ነበረበት፦ ሕዝባችን አማርኛ ውስጥ የሚያስገባቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት እየለቀመ ይመዘግባል። መዝገቡ እንደ ጡብ የወፈረ ነበር። «እንግሊዞች ቃሉን ሥራ ፈት አድርገው ነው የላኩት፤ ሙያ ያስያዝነው እኛ ነን» ይል ነበር።

ሰርቪስ የምትለዋ ቃል ብቻዋን አርባ ገጽ ወስዳበታለች። ለሹፌር ሠራተኛ የሚያመላልሰው አውቶቡስ ናት። ለጋራዥ ሰው ዘይት መቀየርና ፍሬን ማየት ናት። ቤት ለሚያከራይ ጓሮ የተደረደሩት ክፍሎች ናቸው። አስተናጋጁ ሒሳብ ላይ ይደምራታል፤ በየነች እሁድ እሁድ ለእሷ ብላ ቸርች ትሄዳለች። ለእኔ ለመረብ ኳስ ሰው ደግሞ ጨዋታ የሚጀመርባት ምት ናት። በወጣትነቴ መቱ ሜዳ ላይ የመታኋትን አንዲት ሰርቪስ የጋምቤላ ቡድን እስከ ዛሬ አንጋጦ እየጠበቃት ነው።

እንግዲህ ከሰባት ዓመት በፊት፣ በአንድ የግንቦት ማለዳ፣ ዲበኩሉ በተከራያት የእትዬ ዘውደነሽ ሰርቪስ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ክፍሏ ድሮ የቡና ጆንያ ማስቀመጫ ስለነበረች መቀርቀሪያዋ በውጭ በኩል ነው። መስኮቷ ሥር ጄኔሬተር ይንደቀደቃል፤ ጭሱ በስንጥቁ እየገባ ክፍሏን ሞልቷታል። ዲበኩሉ በሩ ሥር ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለሳንቃው ሰጥቶ ነበር። በእጁ ስልኩን ይዟል። ስልኩ ላይ የጻፈው፣ ግን ሳይልከው የቀረ አንድ መልእክት አለ፦ «ሰርቪስ ውስጥ ነኝ። ቶሎ ድረስ።»

የሰፈሩ ፖሊስ ይህን አንብቦ ብዙም አላሰበም። ሰርቪስ የማን ነው? የአብደታ። ስለዚህ ሌላው ሰው ሳይሰበሰብ ዲበኩሉን ብቻውን አሳፍሮ፣ በአውቶቡሱ ጭስ አፍኖ ገድሎ፣ ሬሳውን መልሶ ክፍሉ አስገብቶታል ተባለ። ሁለቱ ከቀናት በፊት በማርፈድ ሰበብ ተጣልተው ነበርና ምስክርም አልጠፋም። አብደታ በካቴና ታሰረ። ሚስቱ ተጂቱ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀናት ነበር የቀሯት። እስከ ማታ ሌላ ነገር ካልተገኘ መቱ ወህኒ ሊወርድ ነው፤ ልጁን የሚያየው በአጥር ሽቦ መሐል ይሆናል።

ያን ጊዜ ነው ኢንስፔክተር ኡርጂ የተጠራችው። ሶር ፏፏቴ አካባቢ ሌላ ጉዳይ ላይ ነበረች፤ እሷ ስታስብ ፏፏቴው ድምፁን ይቀንስላት ነበር ይባላል። ቀጭን ሴት ናት፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ። ሰውን ከእግር እስከ ራሱ አንድ ጊዜ ካየችው ምሳውን ምን እንደበላ ታውቃለች።

ሬሳውን አየች፤ ቀጥሎ አልጋው ሥር የነበረውን የዲበኩሉን ጫማ አነሳች። ሶሉን በጣቷ ነካችው። ከዚያ ስልኩን ይዛ፣ ከመልእክቱ ሌላውን በአውራ ጣቷ ሸፍና፣ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ለእያንዳንዱ ሰው ታሳይ ጀመር።

በመጀመሪያ እትዬ ዘውደነሽ ቀረቡ። ከዲበኩሉ ጋር አይስማሙም ነበር፤ ክፍሏን ለእህታቸው ልጅ ፈልገዋት ልቀቅ ሲሉት ስድስት ወር ሆኗቸዋል።

«እትዬ፣ ይህች ቃል ምንድን ናት?»

«ምን ልትሆን ነው ልጄ፣ ጓሮ ያሉት ክፍሎቼ ናቸዋ። ሦስት ሰርቪስ ነበረኝ፤ ይኸው ካንዱ ሬሳ ወጣ።»

አብደታ በካቴናው እንደታሰረ ቀረበ።

«ይህችስ?»

«አውቶቡሴ» አለ። «ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አደባባዩ ጋ ቆሜ ነበር። ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁት። አልመጣም።»

እኔንም አልማረችኝ። ስልኩን ፊቴ ደቀነችው።

«ኳሱን ወደ ላይ ወርውሮ መምታት ነው» አልኳት። ሳቀች። በኢሉባቦር ንጹሕ ኅሊና ያለው ሰው ዛሬ አገኘሁ አለችኝ፤ በእነዚህ በሁለት ጆሮዎቼ ነው የሰማኋት።

በመጨረሻ የጋራዡ ባለቤት ፋኦል መጣ። የኮሌጁን አውቶቡስ የሚጠግነው እሱ ነው። እጁን በጨርቅ እየጠራረገ ቃሏን አያት።

«ክፍሉ ነዋ» አለ ወዲያው። «የሚኖርበት ክፍል።»

«አመሰግናለሁ ኦቦ ፋኦል» አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችውም። የዲበኩሉን መዝገብ አምጡልኝ ብላ አንድ ሰዓት ሙሉ ብቻዋን ስታነብ ቆየች።

ዝናቡ እየበረታ ስለሄደ ሁላችንንም እዚሁ አውቶቡስ ውስጥ ሰበሰበችን። አዎ፣ እዚሁ፤ እሷ አሁን በየነች ያለችበት ወንበር ላይ ነበረች። በሩን አስዘጋችው። ውጭው አይታይም፤ የሰው ትንፋሽ መስታወቱን ሸፍኖታል። ወንጀለኛው ከመካከላችን መሆኑን ሁላችንም ስላወቅን ማንም ማንንም አያይም።

«ከጫማው እንጀምር» አለች። «ከንጋት በፊት ጀምሮ ዝናብ ነው። የዲበኩሉ ጫማ ግን ደረቅ ነበር። ካልሲውም ደረቅ ነው። ስለዚህ ያን ጠዋት ከክፍሉ ደጃፍ አልወጣም። አውቶቡስ ውስጥ አልገባም፤ የገደለው ጭስም የአውቶቡስ አይደለም።»

ተጂቱ ከኋላ ሆና ሆዷን ይዛ ተነፈሰች። አብደታ ግን ዓይኑን ከካቴናው አላነሳም።

«ጄኔሬተሩ ሁልጊዜ የሚቀመጠው በረንዳው ጫፍ ላይ ነው። እትዬ፣ እውነት አይደለም?»

«እውነት ነው፤ ጭሱን አልወደውም።»

«ዛሬ ከበረንዳው እስከ መስኮቱ ድረስ የዘይት ጠብታ አለ። አንድ ሰው ጎትቶ መስኮቱ ሥር አምጥቶት፣ በሩን በውጭ ቀርቅሮ፣ አስነስቶት ሄዷል። ዲበኩሉ ነቅቶ በሩን ቢገፋ እንቢ አለው። ያለበትን ቦታ ጻፈ። ጣቱ ሳይልከው ከዳው።»

«ማን ነው ታዲያ?» አሉ እትዬ ዘውደነሽ።

ኢንስፔክተሯ መዝገቡን ከፈተች። «አንዲት ቃል ብቻ ነው ያሳየኋችሁ። ሰው ቃል ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት የራሱ እንጀራ ነው። ለእትዬ ክፍል መጣላቸው፤ ለአብደታ አውቶቡስ፤ ለመምህሩ ኳስ። እንዲያው ሳያስቡ ነው የመለሱልኝ። ከራሱ ሙያ የሸሸ አንድ ሰው ብቻ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሰርቪስ ሲያደርግ የኖረ ሰው ቃሉን አይቶ ዘይትና ፍሬን አልመጣለትም። የመጣለት የሞተው ሰው ያለበት ክፍል ነው።»

ፋኦል ጨርቁን ጭብጥ አድርጎ ያዘ። «ሁሉም ሰው ሰርቪስ ቤት ይል የለ እንዴ?»

«ሁሉም ይላል። አንተ ግን አትልም።» ከመዝገቡ አነበበች፦ «ፋኦል እንዲህ አለኝ፦ ሰርቪስ የመኪና ነው፤ ቤት ሰርቪስ ሲሉ ያስቀኛል፤ ጓሮ ቤት በል።» ገጹን ገለጠች። «እዚህ ደግሞ ይህ አለ፦ የአውቶቡሱ ወረቀት ሰርቪስ ተደርጓል ይላል። ፍሬኑ ግን አልተነካም። ፋኦልን ጠየቅሁት፤ ተቆጣ። ሰኞ ለአስተዳደሩ እናገራለሁ።» መዝገቡን ዘጋች። «የዛሬው ቀን ሰኞ ነው።»

ያን ቃል ፈርቶ ነው የሸሸው። ቃሏ ወደ ፍሬኑ እንዳትወስደን ወደ ክፍሉ መራን፤ እዚያው ራሱን ዘጋ። ፋኦል ወደ በሩ ዘለለ፤ በሩ ግን ዝግ ነው። እኔ በአንድ እጄ አንገቱን ይዤ አስቀመጥኩት። ካቴናው ከአብደታ እጅ ተፈትቶ ለፋኦል ገባ። ማታውኑ ተጂቱ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ስሙን መክብብ ሊሉት ነበር፣ እኔ ነኝ ይቅር ያልኩት።

ጨረስኩ። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይንጣጣል። አፈሩ የበሩን መስታወት እየተጫነ መጥቷል፤ ውስጡ ጨልሟል። ሁለት ሰዎች ትንፋሽ አጠረን ብለው የመስኮቱን ስንጥቅ ይታከካሉ።

በየነች አልሳቀችም። «መልእክቱን ለማን ሊልከው ነበር?» አለች።

ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

«ስም አልሞላበትም ነበር» አልኳት።

አብደታ የመስታወት መጥረጊያውን አጠፋ። ፊቱን ወደ እኛ አላዞረም።

«ተልኳል ጋሼ» አለ።

የሚናገረው ለመስታወቱ ይመስል ነበር።

«ከአሥራ ሁለት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ ነው። እዚህ በሩ ጋ ቆመው መልእክቱን በስልክዎ አሳዩኝ እኮ። ቀድሞኝ ገብቷል አሉኝ። ወንበሮቹን አዩ። የለም አልኩዎ። በቀልድ ሊያስሮጠኝ ፈልጎ ነው፣ ንዳ አሉኝ።»

«አብደታ» አልኩ።

«መቀርቀሪያ አልነበረም ጋሼ። በሩ ዝናብ ጠጥቶ አብጦ ነበር። ጄኔሬተርም አልነበረም፤ ብርድ ሆኖበት ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ ነው። ፋኦል በብረት ሰብሮ ሲገባ እጁ ተሰንጥቋል፤ ጠባሳው አሁንም አለ። እኔን ማንም አላሰረኝም። ኡርጂ የምትባል መርማሪም አልመጣችም። አንድ ሽማግሌ ፖሊስ መጥተው ግማሽ ገጽ ጽፈው ሄዱ።»

እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ።

«እኔም ቃሏን ሳያት የመጣልኝ አውቶቡሱ ነው» አለ። «ነዳሁት።»

ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሳ፤ ጎማው ጭቃውን እየረጨ ተሽከረከረ። አውቶቡሱ ካለበት ንቅንቅ አላለም።