ባዶ መዳፎች በሻቶ ሚራቤል

ዌንዴል ክራውስ በገዛ ቢሮው ምንጣፍ ላይ ተደፍቶ የተገኘው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። አጠገቡ ለእንግዶች መታሰቢያ የሚሸጠው ትንሽ የነሐስ ግንብ ቅርጽ ወድቋል፤ ጫፉን ደም ነክቶታል። ክራውስ ከሪኖ ከተማ ተዛውሮ፣ ፓሪስን አስመስሎ የተሠራው የሻቶ ሚራቤል ቁማር ቤት ሠራተኞች አስተዳዳሪ ከሆነ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር።

ከላስ ቬጋስ ፖሊስ የተጠራችው መርማሪ ሎርና ቢግስ ናት። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ዳሌዋን ያማታል፤ ለማንም ብላ አትቸኩልም። ወደ ቢሮው ለመድረስ የቁማር አዳራሹን አቋረጠች። ጣሪያው ላይ የተሳለው የፓሪስ ሰማይ እንደ ወትሮው አልነጋም፣ አልመሸም። ፈረቃዋን የጨረሰች አንዲት ካርታ አዳይ እጇን አጨብጭባ፣ መዳፎቿን አገላብጣ ከጠረጴዛዋ ተነሳችና «ቦንዡር!» አለቻት። ታዘው ነው እንጂ ኔቫዳ ውስጥ ማን በፈረንሳይኛ ሰላም ይላል!

የጥበቃ ኃላፊው ዱዌን ሃርፐር በሩ ላይ ጠበቃት።

«ነገሩ አልቋል» አላት። «ጋጋሪያችን ኦፌሊያ ናት። ትናንት ከሟቹ ጋር ሰው ፊት ተጨቃጭቃለች። ሬሳውን አገኘሁ ብላ የጮኸችውም ራሷ ናት። ደግሞ ካሜራ አለን።»

ምስሉ ከአራት ሰዓት ከሃያ ላይ የተቀረጸ ነው። ነጭ የወጥ ቤት ጃኬት የለበሰ፣ ረጅሙን የጋጋሪ ቆብ እስከ ቅንድቡ የደፋ፣ ኮሌታውን አፉ ድረስ የገለበጠ ሰው ከቢሮው ወጣ። ፊቱ አይለይም። ደጃፉ ላይ ለአፍታ ቆሞ እጆቹን አጋጨ፤ መዳፎቹን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና ሄደ።

«አዩዋት? ዱቄቷን ስታራግፍ!» አለ ዱዌን።

«ድገመው» አለችው ቢግስ። ሦስት ጊዜ አስደገመችው።

ጃኬቱ ከእጥበት ቅርጫት ውስጥ ተገኝቷል። እጅጌው ላይ ደም አለ። የኮሌታው ውስጠኛ ክፍል ላይ ደግሞ ቅባት ያለው ጥቁር እድፍ አለ።

«ቸኮሌት ነዋ» አለ ዱዌን።

ኦፌሊያ ባሪየንቶስ ወጥ ቤቷ ውስጥ፣ እስከ ግማሹ ካጌጠ ባለ ሦስት ደርብ ኬክ አጠገብ ቆማለች። ክንዷ እስከ ትከሻዋ ራቁት ነው።

«ልጄ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ታገባለች» አለች ገና ሳትጠየቅ። «አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። ዛሬ ከወሰዱኝ ማን ይድራታል?»

«ጃኬቱ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው። ጠዋት ከሚስማሩ ላይ አጣሁት። ምድጃ ፊት እየሠራሁ መች ፈለግሁትና!»

«ከክራውስ ጋር ምን አጣላችሁ?»

«ግማሽ ቀን ፈቃድ ለምኜው ‹እዚህ ከተማ ሠርግ በየቀኑ አለ› አለኝ። ‹እግዜር ይይልህ!› አልኩት። ዛሬም ሄጄ ልለምነው ብል... እንደዚያ ሆኖ አገኘሁት።»

«ኮሌታው ላይ ያለው ቸኮሌት ነው?»

«የምን ቸኮሌት? ኬኩን አያዩትም? ዛሬ ከነጭ ክሬም በቀር አልነካሁም።»

ይህን ስትል ዱቄት የነካው እጇን በሽርጧ ጠረገች። ቢግስ ቆጠረችላት፤ አምስተኛ ጊዜዋ ነበር። አንዴም አላራገፈችም።

የቁማር ክፍሉ ኃላፊ ጊል ቶኩዳ ጺሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ፣ ነገር የማያድበሰብስ ሰው ነው።

«አሥራ ሁለት ዓመት ካርታ አድያለሁ» አላት። «የክራውስ ወንበር የኔ መሆን ነበረበት። ተናድጃለሁ፤ አልዋሽሽም።»

«ክራውስ ትናንት ምን አለህ?»

«‹እዚህ ቤት ከሪኖ የማውቀው ፊት አየሁ፤ ነገ ጠርቼ አናግረዋለሁ› አለኝ። ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

ክራውስ ለዚያ ጠዋት ቀጠሮ የሰጠው ሰው አኮርዲዮን ተጫዋቹ ቴሪ ሎውመን ነው። ባለ መስመር ሹራብ ለብሷል፤ ሁለት ጫፉ ወደ ላይ የተቆለመመ ሪዝ አለው።

«ቦንዡር፣ እመቤቴ!»

«ሪዙ ያንተ ነው?»

«የኩል ነው፤ የኔማ እምቢ ብሎኝ!»

«እንዳንተ ሪዝ የሚሳሉት ሌሎቹ ዘፋኞች የት አሉ?»

«እነሱ ከሰዓት ነው የሚገቡት። ጠዋት የፈረንሳይን ክብር ብቻዬን ነው የምሸከመው።»

«ሪኖ ኖረህ ታውቃለህ?»

«የኔብራስካ ልጅ ነኝ። ሪኖን ያየሁት በካርታ ነው።»

«በየትኛው ካርታ?»

ሳቀ። «የቁማሩንስ ነክቼም አላውቅ! እናቴ ጸሎተኛ ነበረች። ክራውስ የቀጠረኝ ስለ ሙዚቃው ነበር፤ ሳልደርስ ሞተ።»

ከሪዙ የቀኙ ጫፍ ከግራው ይበልጥ ጠቁሯል፤ አዲስ የተሳለ ነው። ቢግስ አየችው። ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ ክራውስ ሪኖ ይሠራበት ወደነበረው ቁማር ቤት ደወለች።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም ባዶ የካርታ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ዱዌን ካቴናውን ይዞ ኦፌሊያ አጠገብ ቆመ።

«አንድ ልጫወት» አለች ቢግስ። «በየተራ ታድሉኛላችሁ። ጊል፣ ጀምር።»

ጊል አደላት፤ ካርታው ከጣቱ ላይ ይፈሳል። ኦፌሊያ እያለቀሰች አንዱን ካርታ በሁለት እጇ አቀበለቻት። ቴሪ ተራው ሲደርስ ግማሹን መሬት በተነው።

«ነገርኩሽ እኮ፣ እመቤቴ! አልተፈጠረብኝም» አለ እየሳቀ።

«በቃህ፤ ተነስ።»

ቴሪ ተነሳ። ከጠረጴዛው አንድ እርምጃ ሳይርቅ እጆቹን አጨበጨበ፤ መዳፎቹን ገልብጦ ጣሪያው ላይ ላለው ካሜራ አሳየ። ከዚያ ደርቆ ቀረ።

«ጊል፣ ምን አደረገ?» አለች ቢግስ።

«እጁን አጸዳ» አለ ጊል ቀስ ብሎ። «አዳይ ከጠረጴዛ ሲነሳ ምንም እንዳልደበቀ ለካሜራው ያሳያል። ለዓመታት ስትሠራው ሳታስበው ይመጣል።»

«ከክራውስ ቢሮ የወጣውም ሰው ይህንኑ አደረገ። ጋጋሪ እጇን በሽርጧ ነው የምትጠርገው፤ ኦፌሊያን እዩዋት። ስለዚህ ሰውየው አዳይ ነው።»

«ጊልም አዳይ ነበር!» አለ ቴሪ።

«ጊል ሪዝ የለውም። ኮሌታውን አፉ ድረስ የገለበጠው ሰው ጥቁር ኩል ትቶበታል። ዛሬ ጠዋት እዚህ ቤት ኩል የተሳለ ሪዝ የያዝከው አንተ ብቻ ነህ፤ የቀኙን ጫፍም አድሰኸዋል። ከሪኖ እንደነገሩኝ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለወዳጁ ካርታ ሲያሾልክ ክራውስ ይዞ ከቁማር ቤት ሥራ ያሳገደው ቴሬንስ የሚባል አዳይ ነበር። ቴሪ የቴሬንስ ቁልምጫ ነው።»

ቴሪ ወንበሩ ላይ ወደቀ።

«አሥራ አንድ ዓመት ከአኮርዲዮን በቀር ምንም አልያዝኩም» አለ። «ዛሬውኑ ውጣ አለኝ። ለመንኩት፤ ሳቀብኝ።»

«ሊለምን የሄደ ሰው የሌላ ሰው ጃኬት አይለብስም» አለች ቢግስ።

«በየጠዋቱ ትኩስ ዳቦ እሰጥህ ነበር» አለችው ኦፌሊያ። ቴሪ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ዱዌን አፍሮ ካቴናውን እሱ ላይ አጠለቀ።

ቢግስ ሰዓቷን አየች። «ሁለት ሰዓት ይቀርሻል፤ ኬኩን ጨርሺ።»

ኦፌሊያ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ስታበቃ አቀፈቻትና «ሠርጉ ላይ ይምጡልኝ» አለቻት። የጠረገችው ግን በደንብ አልለቀቀም ነበር፤ መርማሪዋ ጥቁር ኮቷ ጀርባ ላይ ሁለት ነጭ መዳፎች ታትመውባት፣ ሳታራግፋቸው ወደ ሠርጉ ሄደች።